አዲስ ነገር የለም

ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ነው ያመጣችው። ከጠዋቱ 12፡30 ገደማ ይሆናል፤ በምሠራበት የሕፃናት ማሳደጊያ የማታ ፈረቃዬ ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። እጄ የርክክብ መዝገቡን ይሞላል፣ ጆሮዬ ከመታጠቢያ ቤቱ የሚመጣውን ጫጫታ ያዳምጣል። 14 ልጆች ናቸው፤ ሁሉም መታጠብ፣ መልበስ፣ ቦርሳቸውን ማዘጋጀት አለባቸው። እሷ ጠረጴዛው ጥግ ቆማ መዳፏን ዘርግታለች። «እትዬ፣ ወለቀ» አለችኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ቆይ መጣሁ» አልኳት፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። ከዚያ ሁልጊዜ የምጽፈውን ጻፍኩ። «14 ልጆች። ሁሉም ደህና አድረዋል። አዲስ ነገር የለም።»

የ7 ዓመት ልጅ ናት። ማንበብ የጀመረችው በዚያው ዓመት ስለነበር ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ሳይቀር፣ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ጣቷን መዝገቡ ላይ አሳርፋ «አዲስ… ነገር… የለም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጥርሴ ግን ወልቋል።»

አላኮረፈችም፤ ድምጿም አልተለወጠም። የሂሳብ መልስ የተሳሳተበትን ሰው እንደማረም ያለ ነገር ነው። ፈገግ ብዬ ራሷን ዳበስኩና ሶፍቱን ተቀብዬ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። «አስቀምጥልሻለሁ» አልኳት። ፈረቃዬን አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ በር ላይ ጠብቃ «የት አለ?» አለችኝ። ጋወኑ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ኪሱ ባዶ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔም ግን ልረሳው አልቻልኩም። በሕፃናት ማሳደጊያ በሠራሁባቸው ዓመታት ከዚህ የከፋ ብዙ አይቻለሁ፤ በእንቅልፉ የሚጮህ ልጅ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ ልጅ፣ እናቱ በቀጠሮዋ ቀን ሳትመጣ ቀርታ መስኮት ላይ የሚውል ልጅ። እነዚያ ልቤን ሰብረውታል። ይህ ግን ሥራዬን ነው የጠየቀኝ። ጥርሱ የወለቀ ልጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደሚነግረው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከወር በኋላ፣ ከዓመት በኋላ «ጥርስሽ የወለቀ ጊዜ» ብሎ ነገር የሚጀምርላት መሆን አለበት። ለእሷ በዚያ ጠዋት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር የለም ብዬ ፈርሜበታለሁ።

መዝገብ ውስጥ ለመግባት

በሚቀጥለው ተራዬ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጥኩ የ2 ወሩን አነበብኩት። የማን ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጭረት አደረግኩ። የአንድ ወንድ ልጅ ስም 31 ጊዜ አለ፤ መስኮት ሰበረ፣ ተማታ፣ አልጋው ላይ ሸና፣ አልታጠብም ብሎ ጮኸ። የእሷ ስም ያለው 1 ጊዜ ብቻ ነው፤ ትኩሳት የያዛት ቀን። በእነዚያ 2 ወራት ውስጥ ማንበብ ጀምራለች፣ የጫማዋን ክር ራሷ ማሰር ችላለች፣ ከምትወዳት ጓደኛዋ ጋር ተጣልታ ታርቃለች። አንዱም አልተጻፈም።

«የማታስቸግር» ልጅ ነበረች። በየማሳደጊያው እንዲህ የሚባሉ ልጆች አሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ስለሚማታው፣ ስለምትጠፋው፣ አልጋው ላይ ስለሚሸናው በዝርዝር ይነገረዋል፤ እነሱ ጋ ሲደረስ «እሷ እንኳ ምንም አይደለችም» ተብሎ ይታለፋል። ምንም አይደለችም። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ከአፌ እንዳወጣሁት ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ስለዚያ ወንድ ልጅም ያን ሌሊት አንድ ነገር ታወሰኝ። ከተጣላ በኋላ ሁልጊዜ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣና «ጻፍሽው?» ይለኛል። «አዎ፣ ጽፌዋለሁ» ስለው ምንም ሳይመልስ ይሄዳል። ቅጣት ፈርቶ ይመስለኝ ነበር። ያን ሌሊት ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ፤ መጻፉን ማረጋገጡ ነበር። በእኛ አሠራር አንድ ልጅ መዝገብ ውስጥ የሚገባው ሲታመም ወይም አንድ ነገር ሲሰብር ነው። እሱ ደግሞ አይታመምም ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ልጅ ላይ ሲሆን ይነቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የሮማኒያው መሪ የቻውሼስኩ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ የአገሪቱን የሕፃናት ማሳደጊያዎች ያዩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጸጥታውን ነው። ክፍሉ ሙሉ ሕፃን ነው፤ የሚያለቅስ የለም። ማልቀስ ማንንም እንደማያመጣ ተምረውት ነበር። ከዓመታት በኋላ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ ተመራማሪዎች በቡካሬስት 136 ሕፃናትን መከታተል ጀመሩ። በዕጣ ግማሾቹ ለዚሁ ወደ ተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሄዱ፤ ግማሾቹ በነበሩበት አሠራር ቀጠሉ። ቤተሰብ ያገኙት ልጆች፣ በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ ከሚያሳድጋቸው ሰው ጋር የመሠረቱት ቁርኝት በግልጽ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ግን ከቁጥሮቹ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ጸጥታ ነው። እኔም ለዓመታት ጸጥ ያለን ሌሊት «ሁሉም ደህና አድረዋል» እያልኩ ስመዘግብ ኖሬያለሁና።

«እንዳትላመጃቸው»

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት የክፍሉ ኃላፊ ለብቻዬ ጠርተው መክረውኝ ነበር። «ውደጃቸው፤ ግን እንዳትላመጃቸው። አንድ ቀን ትሄጃለሽ፣ ያን ጊዜ የሚጎዱት እነሱ ናቸው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። ብዙ ሠራተኛ ሲሄድ፣ ከኋላው ብዙ ልጅ ሲያለቅስ ያዩ ሴት ናቸው። እኔም ምክሩን እንደ ሕግ ያዝኩት። ልጅ ሲያቅፈኝ በልቤ እስከ አምስት ቆጥሬ ቀስ ብዬ የማስለቅቅ ሰው ሆንኩ።

ይህ ምክር ከእኛ ቤት እንዳልጀመረ ያወቅኩት በኋላ ነው። ባርባራ ቲዛርድ የምትባል ተመራማሪ በለንደን የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ የጨቅላነት ዘመናቸውን ያሳለፉ ልጆችን አጥንታለች። ቤቶቹ ንጹሕ ነበሩ፤ መጫወቻና መጽሐፍ ሞልቷል፣ ሠራተኛም አልጎደለም። ሠራተኞቹ ግን ከአንድ ልጅ ጋር የተለየ ቅርበት እንዳይፈጥሩ ይመከሩ ነበር። አንድ ልጅ 4 ዓመት ተኩል እስኪሞላው ድረስ በአማካይ 50 የሚሆኑ ተንከባካቢዎች አልፈውበታል። ልጆቹ በቋንቋም በአእምሮም ወደ ኋላ አልቀሩም፤ የጎደላቸው የኔ የሚሉት ሰው ነው። ብዙዎቹ ለማንም እንግዳ የሚንጠለጠሉ፣ ከማንም ጋር ግን ሥር ያልሰደዱ ሆኑ።

እንግዳ ሲመጣ ሮጠው እጁን የሚይዙ ልጆችን ያየ ሰው «እንዴት ፍቅር ናቸው!» ይላል። እኔም ብያለሁ። አሁን ግን አንድ ልጅ ስሜን ሳያውቅ እቅፌ ውስጥ ሲገባ ሆዴ ይባባል። ለ2 ሳምንት መጥተው፣ አቅፈው፣ ፎቶ ተነስተው ለሚሄዱ በጎ ፈቃደኞችም የምለው አለኝ፤ ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ግቡ። እናንተ አንሶላውን እጠቡልን፣ ሞግዚቷ ከልጁ ጋር ትቀመጥ። በዚያ 2 ሳምንት ውስጥ ለልጁ ልታደርጉለት የምትችሉት ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ለ7 ቀን የዚያችን ልጅ ፀጉር ማን እንደሚያበጥርላት ልብ ብዬ ተከታተልኩ። 6 ሰው ነው። አንዷ ከግራ ትከፍለዋለች፣ ሌላዋ ሽቅብ ሰብስባ ታስረዋለች፣ አንዷ እርጥብ እያለ ትስበዋለች። ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ትንሽ የቆየ ጠባሳ አላት፤ የማበጠሪያው ጥርስ ሲነካው ትከሻዋ ብድግ ይላል፣ አፏ ግን አይናገርም። ከስድስታችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ያወቅኩት በአምስተኛው ቀን፣ ለማየት ብዬ ስለቆምኩ ነው። በየቀኑ አንዲት ሴት ብቻ ብታበጥራት ኖሮ በሁለተኛው ቀን እጇ ያንን ቦታ ይሸሸው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት ለሎሚ ይሠራል። ልጅ ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ማበጠሪያው ነው፤ ጠባሳው ለማንም አይደርስም።

በሴንት ፒተርስበርግ የሕፃናት ቤቶች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አለ። እዚያ አንድ ሕፃን 2 ዓመት እስኪሞላው ከ60 እስከ 100 የሚደርሱ ተንከባካቢዎች ይፈራረቁበት ነበር። በአንደኛው ቤት ሠራተኞቹ ሕፃናቱን በሙቀት እንዲይዙና ለሚያሳዩት ምልክት ምላሽ እንዲሰጡ ሠለጠኑ፤ አሠራሩም አብሮ ተለወጠ። ቡድኖቹ በግማሽ አነሱ፣ ለየቡድኑ ቋሚ ሰዎች ተመደቡ፣ ልጆች ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ሌላ ክፍል መዛወራቸው ቀረ። ምግቡና ሕክምናው ያው ነው። ልጆቹ ግን በአእምሮና በጠባይ ለውጥ አሳዩ፤ በቁመትና በክብደትም ጨመሩ። ሥልጠና ብቻ በተሰጠበት ሌላ ቤት የታየው ለውጥ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። እኔ ጋ ይህ የሚለኝ ነገር ግልጽ ነው፤ ሞግዚቷን «ውደጃቸው» ብሎ መምከር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የምትወድበትን ጊዜና ቦታ የሚሰጣት የፈረቃው ሰሌዳ ነው።

ይህን ለኃላፊያችን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅስ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሠራተኛ ይለቃል። ስትለቅ ግን ስለ ልጁ የምታውቀውን ሁሉ ይዛው እንዳትሄድ ምን እናድርግ? ደብተር የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

14 ደብተር

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር። ደንቡ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ፈረቃ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ይጽፋል፤ የሚጻፈው ጥፋትም ሕመምም መሆን የለበትም፤ ለእነዚያ መዝገብ አላቸው። «በዚህ ሁሉ ሥራ ላይ ደግሞ?» አሉኝ ባልደረቦቼ። እውነታቸውን ነው። ለ14 ልጅ 2 ሰው በሆንበት ቤት ማንም ትርፍ ደቂቃ አልነበረውም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስመሮች ያሳዝናሉ። «ደህና ናት።» «ተጫውቷል።» «በሰዓቱ ተኛ።» ችግሩ ስንፍና አልነበረም። ያላየነውን ነገር መጻፍ አልቻልንም። አንድ መስመር ለመጻፍ ልጁ አጠገብ ቢያንስ 2 ደቂቃ መቆም ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ ስንሮጥ ቆመን አናውቅም። ደብተሩ ሳናስበው ያደረገው ትልቁ ነገር እኛን ማስቆሙ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሮቹ ነፍስ ዘሩ። «እግሯ አድጓል፤ ጫማው ጠቧት 2 ቀን ሳትናገር ቆይታለች።» «ባትሪውን ደጋግሞ አበራ፣ አጠፋ። ለምን ስለው ‹ጨለማውን እየቆጠርኩት ነው› አለኝ።» የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ አይደል የሚባለው? ብስሉንም ጥሬውንም እንዳለ ጻፍነው።

አንድ ሌሊት ነጎድጓድ ነበር። ያ 31 ጊዜ የተጻፈው ልጅ ከአልጋው ወርዶ፣ ከሥሩ የተኛውን ትንሽ ልጅ ሁለት ጆሮ በመዳፎቹ ሸፍኖ ቆሟል። የራሱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ነጎድጓዱ ሲያልፍ ትንሹን አልብሶት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ምን እንደሚለኝ አውቄያለሁ። «ጻፍሽው?» «ጻፍኩት» አልኩና አነበብኩለት። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። መስኮት መስበሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልተወም። ከ2 ወር በኋላም አንድ ሰብሯል። ነገር ግን ከሰበረ በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ አልመጣም።

ለእኔ የሁሉም መዞሪያ የሆነችው ቅጽበት ግን ሌላ ናት። የቀን ፈረቃ ባልደረባዬ 3 ቀን እረፍት ላይ ቆይታ ተመለሰች። ገና ጋወኗን ሳትቆልፍ ደብተሮቹን ገለጠች፣ ከዚያ ወደ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ዞራ «ያ የሣልከው ዝሆን ኩምቢው ከወረቀቱ ወጣ አሉኝ፤ ታዲያ የት አደረስከው?» አለችው። ልጁ እሷን አየ። ከዚያ እኔን አየ። እንደገና እሷን አየ። ዝሆኑን ሲሥል እሷ አልነበረችም፤ ያን ያውቃል። ያልነበረ ሰው እንዴት አወቀ? ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ማታ ለአባቱ የተወራለት ነገር ጠዋት ከእናቱ ጋር ሲቀጥል አይቷል። ይህ ልጅ ግን ትላንቱ ከዛሬው ጋር ሲገናኝ ያየው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሮጦ ሄዶ ሁለተኛ ወረቀት አመጣና ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጦ ኩምቢውን ቀጠለው።

ነገሩ የእኛ ግኝት አይደለም። ኤሚ ፒክለር የምትባል የሃንጋሪ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 በቡዳፔስት ሎትሲ በሚባል ጎዳና ላይ የሕፃናት ቤት ከፍታ ነበር። እዚያ ሞግዚቶቹ ሕፃኑን ከማንሳታቸው በፊት ሊያደርጉት ያሰቡትን ይነግሩት፣ ምላሹንም ይጠብቁ ነበር፤ የእያንዳንዱንም ልጅ ለውጥ በዝርዝር ይመዘግባሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የሕፃናት አማራጭ ክብካቤ መመሪያም በ100ኛው አንቀጽ ላይ ይህንኑ ይላል፤ የልጁን የሕይወት ታሪክ የሚይዝ፣ ፎቶና ማስታወሻ የሚሆኑ ዕቃዎች ያሉበት ደብተር ይዘጋጅ፣ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ ያግኘው። ይህን አንቀጽ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በችኮላዬ ግን ሦስት ቃል ዘልያለሁ።

አንድ የ10 ዓመት ልጅ ለማታ ተረኛዋ አባቱ እስር ቤት መሆኑን ነገራት። በጨለማ፣ በሹክሹክታ ነው የነገራት። እሷም ከልቧ ስለነካት፣ አምኖ መንገሩም ትልቅ ነገር ስለሆነ ደብተሩ ላይ ጻፈችው። መሳቢያው አይቆለፍም ነበር። በማግሥቱ ማታ ወሬው መመገቢያ አዳራሹን ሞላው። ልጁ 11 ቀን ለማናችንም አልተናገረም። በ12ኛው ቀን መጥቶ ደብተሩን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ ገጹን ቀዶ በላው። አፉ ውስጥ አኝኮ ዋጠው። እኔም ቆሜ አየሁት።

የዘለልኳቸው ቃላት «ከልጁ ተሳትፎ ጋር» የሚሉት ናቸው። መመሪያው ደብተሩ ከልጁ ጋር እንዲዘጋጅ ነው ያለው፤ እኛ ስለ ልጁ ነበር የምንጽፈው። ከዚያ በኋላ መሳቢያው ቁልፍ ተደረገለት። ለልጁ ያልተነበበ መስመር በደብተሩ አያድርም። «ይሄ አይጻፍ» ያለው አይጻፍም። ልጁን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ይነገራል፣ እንደሚነገር ግን አስቀድሞ ያውቃል። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብን። የዚያን ልጅ 11 ቀን የሚመልስለት የለም።

ደብተር ቤተሰብ አይሆንም

እዚህ ላይ ደፍሬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲነገር ሰው «ታዲያ ማሳደጊያው እንዲህ ከተሻሻለ ምን ቸገረ?» ይላል። ይቸግራል። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚያድጉ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ያው መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት፣ ወንድምና እህትም በቂ ምክንያት ሳይኖር እንዳይነጣጠሉ ይላል። የትኛውም ደብተር ይህን መዘንጊያ ሊሆን አይገባም። ጥሩ ማሳደጊያ ማለት ለእኔ ልጁ እዚያ እስካለ ድረስ የሚያውቀው፣ የሚሄድበትን ቀን ደግሞ የሚያፋጥን ቤት ነው።

የዚያች ልጅ ደብተር ይህን አደረገ። የ4 ዓመት ወንድም አላት፤ በዕድሜ ስለምንመድብ እሱ ከግቢው ማዶ ባለው ቤት ነበር፣ የሚገናኙት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ፋይሏ ላይ «ከወንድሟ ጋር በየሳምንቱ ትገናኛለች» ተብሎ ተጽፏል፤ ሲነበብ ጥሩ ይመስላል። ደብተሯን የ3 ወሩን ሳነበው ግን ከሦስት መስመር አንዱ ስለ እሱ ነው። «ከረሜላዋን ግማሽ በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠች፤ ለእሱ ነው።» «መስኮቱ ጋ ቆማ የዚያኛው ቤት መብራት እስኪጠፋ አልተኛችም።» «ወንድሜ የሚያስለው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች» የሚለውን ሳነብ ግራ ገባኝ። የጻፈችውን ባልደረባዬን ብጠይቃት፣ ወንድሟ በሚያስለው ጊዜ ጀርባውን የሚያሽለት ሰው አለ ወይ ማለቷ ነው አለችኝ። ቤታቸው እያሉ እሷ ነበረች የምታሸው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በ25ኛው አንቀጹ፣ ከቤተሰቡ ውጭ የሚያድግ ልጅ ሁኔታ በየጊዜው እንዲገመገም ይጠይቃል። የእሷ ግምገማ ሲደርስ ፋይሉን አላነበብኩም፤ እነዚያን መስመሮች ነው ያነበብኩት፣ እሷ ራሷ ፈቅዳልኝ። በሳምንቱ ወንድሟ ወደ እኛ ቤት ተዛወረ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋም «ሩቅ ዘመድ» ተብላ በአንድ መስመር ታልፋ የነበረችውን አክስታቸውን ፍለጋ ጀመረች። አክስቷን ማዘጋጀት፣ መጎብኘት፣ መደገፍ፣ ልጆቹን ቀስ በቀስ ማላመድ ወራት ወሰደ፤ ስለዚያ አንድ ቀን ለብቻው እጽፋለሁ።

የሄዱበት ቀን ቢሮ ውስጥ አራታችን ተቀመጥን። ሻንጣዎቹ በር ላይ ናቸው፤ ወንድሟ አንደኛው ላይ ተቀምጦ በእግሩ ይመታዋል። ደብተሯን ለአክስቷ አቀበለቻት። አክስቷ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

ያንን ገጽ የጻፍነው አብረን ነው፣ ደብተሮቹ በመጡ ቀን። መጀመሪያ ምን ይጻፍ ስላት «ጥርሴ» አለች። እኔ «ጥርሷ ወለቀ፤ ከዚያ ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። በጣቷ እየተከተለች አነበበችና «ጠፋ» የሚለው ላይ ቆመች። «ራሱ አልጠፋም» አለችኝ። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው።» ሠርዤ ያለችውን ጻፍኩ። አክስቷ አሁን ድምጿን ከፍ አድርጋ የምታነበው እሱን ነው። «የመጀመሪያ ጥርሴ ወለቀ። እትዬ አጠፋችው። ይቅርታ ብላኛለች።» ከዚያ ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት።

«የትኛው ጥርስ ነው?»

ልጅቷ ከንፈሯን በጣቷ ወደ ታች ሳብ አደረገች። በቦታው አዲስ በቅሏል፤ ጠርዙ ገና እንደ መጋዝ ነው። አክስቷ ደብተሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ መነጽሯን አስተካከለች፣ ጎንበስ ብላ አየች።